የድራፍት ክርክራችን እና የዕቁብ ዕጣ

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ቦታ ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ሦስት ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራው ስለ ድራፍት ነው፣ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኖች አዲስ ተጫዋች ስለሚመርጡበት ሥርዓት። እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን በእግር ኳስ ያደግን ነን። ጊዮርጊስ ወይ ቡና፣ ከዚያ አርሴናል ወይ ማንቼ። የአሜሪካን ፉትቦል የለመድነው እዚህ አገር መጥተን ነው። አንዳንዶቻችን በልጆቻችን፣ አንዳንዶቻችን በሥራ። እኔ በታክሲ ነው የለመድኩት። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ትቆማለህ፣ ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራው ስለ አንድ ቡድን ነው፣ መጀመሪያ አይገባህም፣ ከዚያ ስም መለየት ትጀምራለህ፣ ከዚያ ሳታስበው ተይዘሃል።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ላስረዳ። ሊጉ 32 ቡድን አለው። በየዓመቱ በኤፕሪል መጨረሻ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በሰባት ዙር፣ በተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው ውድድር ከሁሉ በታች የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፣ ዋንጫ ያነሳው መጨረሻ። ልጁ ቡድኑን አይመርጥም። እኛ በለመድነው እግር ኳስ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ለፈለገው ይፈርማል። እዚህ ግን የ21 ዓመት ልጅ የትኛው ከተማ እንደሚኖር የሚያውቀው ስሙ ሲጠራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1936 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የፊላደልፊያው ቡድን ባለቤት በርት ቤል ጎበዝ ልጆችን ሁልጊዜ ሀብታሞቹ ቡድኖች እየወሰዱበት ሲቸገር፣ ደካማው ቅድሚያ ይምረጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተስማሙ። የመጀመሪያው ድራፍት እዚያው ፊላደልፊያ፣ ሆቴል ውስጥ ተደረገ። ከሁሉ በፊት ስሙ የተጠራው ጄይ ቤርዋንገር ነው፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ የዘመኑ የኮሌጅ ኮከብ። አንድም ቀን በሊጉ አልተጫወተም። በክፍያ አልተስማማም፣ ሌላ ሥራ ያዘ። የመጀመሪያው ድራፍት የመጀመሪያው ምርጫ እንዲህ ነበር ያለቀው።

እንግዲህ እኛ በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ እንከራከራለን። ታክል ይሻላል፣ ሪሲቨር ይሻላል፣ ይሄ ፈጣን ነው፣ ያኛው ክንዱ አጭር ነው። ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው ምዘና 40 ያርድ በስንት ሰከንድ ሮጠ እያልን በመቶኛ ሰከንድ እንጣላለን። ክርክሩን እወደዋለሁ። ግን ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር ገብቶኛል፣ የመጣሁትም እሱን ልነግራችሁ ነው። የምንከራከረው "ማን ይሻላል?" ብለን ነው። መጠየቅ ያለብን "ምን ያህል እርግጠኛ ነን? ለዚህ እርግጠኝነትስ ስንት እንከፍላለን?" ብለን ነው።

2012ን አስታውሱ።

ያን ዓመት የኤርፖርት ሰልፉ ላይ የሚጠራው አንድ ስም ነው። ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው፣ አርጂ ስሪ። ኳርተርባክ ነው፣ ማጥቃቱን የሚመራ ኳስ ወርዋሪ። የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ የሃይዝማን፣ ማለትም የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት አሸናፊ። ይሮጣል፣ ይወረውራል፣ ሲናገር ያምራል። የመጀመሪያው ተራ ያለው የኢንዲያናፖሊስ ቡድን አንድሩ ላክ የሚባለውን ኳርተርባክ እንደሚወስድ ያለቀ ነገር ነበር። ሁለተኛው ተራ የሴንት ሉዊስ ራምስ ነው። የኛ ስድስተኛ። ከስድስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመውጣት ዋሽንግተን የሰጠውን ልቁጠርላችሁ። የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዙሩን፣ የ2013 የመጀመሪያ ዙሩን፣ የ2014 የመጀመሪያ ዙሩን። ይሄ ሁሉ ለአንድ ልጅ።

እኛ ጨፈርን። መኪና ውስጥ ተቀምጠን ጡሩምባ ነፋን። አንድ ትልቅ ሰው ብቻ፣ ከኛ ሁሉ በፊት ታክሲ የጀመሩ አባት፣ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው "ለአንድ ሰው ይሄን ሁሉ? እሱ ቢታመምስ?" አሉ። "ጋሼ፣ እርስዎ ኳስ አይገባዎትም" ብዬ የመለስኩላቸው እኔ ነኝ። ዛሬም ይቆጨኛል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኛ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ልክ የሆንን መስሎን ነበር። 10 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ፣ ግሪፊን በማጥቃት በኩል የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ ጃንዋሪ 6፣ 2013 መጣ። ከሲያትል ጋር፣ እዚሁ ሜሪላንድ። ጉልበቱ ቀድሞም ታሞ ነበር፣ በድጋፍ ታስሮ ነው የሚጫወተው። አራተኛው ሩብ ላይ ኳሷ ተበላሽታ መጣችለት፣ መሬት ወደቀች። ሊያነሳት ዞር ሲል ቀኝ ጉልበቱ ጉልበት በማይታጠፍበት በኩል ታጠፈ። ማንም አልነካውም። ቤት ውስጥ ስምንት ሰው ነበርን፣ ባለቤቴ ቡና ልታቀርብ ስኒዎቹን ይዛ ቆማ፣ ማንም "ስጪን" አላላትም። ቡናው ቀዘቀዘ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ተጫውቷል፣ ግን ያ ልጅ አልተመለሰም። በሱ አልፈርድም። የተጎዳ ልጅ ነው። የምፈርደው በዋጋው ላይ ነው።

ዋጋውን ያየንበት ቀን ደግሞ ዲሴምበር 7፣ 2014 ነው። ራምስ ለጨዋታ ወደኛ ሜዳ መጡ። ሳንቲም ሲወረወር እያንዳንዱ ቡድን አምበሎቹን ወደ መሃል ይልካል። የራምሱ አሰልጣኝ ጄፍ ፊሸር ስድስት ልጆች ላከ። ስድስቱም በዚያ ልውውጥ ከኛ ባገኙት ምርጫ የተገኙ ናቸው፣ ማለትም ከነዚያ ምርጫዎች አንዳንዶቹን መልሰው ለሌላ ቡድን እያቀያየሩ አብዝተዋቸው ነበር። ስድስት ልጅ መሃል ሜዳ ላይ ተደርድሮ ቆመ። ግሪፊን በዚያን ቀን ተቀያሪ ነበር። 24 ለ 0 ተሸነፍን። እኔ ከውጤቱ ይልቅ ያ ሰልፍ ነው ያመመኝ፤ የከፈልነው ሁሉ እግር አውጥቶ ራሳችን ሜዳ ላይ ቆሞ ሳየው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ2012፣ አራተኛ ዙር ላይ፣ 102ኛ ሆኖ ከርክ ከዝንስ የሚባል የሚሺጋን ስቴት ኳርተርባክ መረጡ። "ለሱ ሁሉን ከፍለን ሌላ ኳርተርባክ ደግሞ ለምን?" ብለን ተቆጣን። በ2015 ምድቡን ያሸነፈልን እሱ ነው። ሁሉን የከፈልንበት ተበላሸ፣ ምንም ያልከፈልንበት አዳነን።

አሁን የጥናቱን ነገር ልንገራችሁ። ሪቻርድ ቴለር የሚባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሉ፣ በ2017 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኙ። ከኬድ ማሲ ጋር ሆነው የብዙ ዓመት ድራፍት አጥንተዋል። አንድ ቡድን ለአንድ ቦታ የመረጠው ልጅ፣ በዚያው ቦታ ከሱ ቀጥሎ ከተመረጠው ልጅ የሚሻልበት አጋጣሚ ስንት ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ 52 በመቶ ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ነው። ልብ በሉ፣ ለቡድኖቹ ልጆቹን የሚያጠኑት መልማዮች ሥራቸው ይሄ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አገር ያቋርጣሉ፣ ልጁን፣ አሰልጣኙን፣ ሐኪሙን ያነጋግራሉ፣ ፊልም ሲያዩ ያድራሉ። እነሱ 52 ናቸው። እኛ ሶፋ ላይ ሆነን መቶ በመቶ ነን።

የሚገርመው ነገር የዋሽንግተን የዚያን ጊዜው ባለቤት ዳን ስናይደር የቡድኑን ሰዎች ከነቴለር ጋር አገናኝቶ ምክር ተቀብሎ ነበር። ምክሩ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ወደ ላይ ለመውጣት አትክፈሉ፣ ይልቅ ወደ ታች ወርዳችሁ ብዙ ምርጫ ሰብስቡ። ሁለተኛ፣ የዘንድሮን ምርጫ ለተቸኮለ ሰው ስጡና የከርሞን የተሻለ ምርጫ ተቀበሉ። ቡድኑ የሁለቱንም ተቃራኒ አደረገ።

ሁለተኛውን ምክር ስሰማ ሳቅኩ፣ ምክንያቱም እናቴ ታውቀዋለች። ዕቁብ የምትጥሉ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡ ካላስቸኮለው ዕጣውን ይሸጣል። የሚገዛው ማነው? ሰርግ የደረሰበት፣ ኮንቴይነር ወደብ ላይ የቆመበት፣ የቤት ቅድሚያ ክፍያ ነገ የሚፈለግበት። ከብሩ ላይ ቆርጦ ይሰጥና ዛሬ ይወስዳል። ሻጩ የቆረጠለትን ኪሱ ይከታል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ሙሉውን ይቀበላል። እናቴ ባደረገችው ዕቁብ ሁሉ ዕጣ ሻጭ እንጂ ገዢ ሆና አላውቃትም። "ችኩል ሰው ጥሩ ደንበኛ ነው" ትል ነበር።

በድራፍቱም ልክ እንዲሁ ነው። የዘንድሮን ሁለተኛ ዙር ሰጥተህ የከርሞን የመጀመሪያ ዙር የምትቀበልበት ልውውጥ በዚህ ሊግ የተለመደ ነው። አንድ ዓመት ለመታገስ አንድ ሙሉ ዙር ወለድ! በየትኛው ዕቁብ ነው እንዲህ ያለ ወለድ ያለው? ታዲያ ለምን ሁሉም ሻጭ አይሆንም? አሰልጣኙ ከርሞ እዚያ ላይኖር ይችላላ። ካላሸነፈ ይባረራል፣ የከርሞው ምርጫ ለሚቀጥለው ሰውዬ ነው የሚጠቅመው። ባለቤቱም ቲኬት መሸጥ አለበት። እና ከሁሉም በላይ እኛ አለን። ቡድኑ ወደ ታች ሲወርድ ሬዲዮ ደውለን የምንጮኸው፣ "ፈሪዎች!" የምንለው እኛ ነን። ጥድፊያው ከሜዳ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ከኛም ነው። ስለዚህ እኛ ብንታገስ የሚቀየር ነገር አለ ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

"ኳርተርባክስ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ኳርተርባክ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2011 ወዲህ የአዲስ ልጅ ደመወዝ የሚወሰነው በተመረጠበት ተራ ነው። ጥሩ ኳርተርባክ በመጀመሪያ ውሉ ካገኘህ ለአራት ዓመት በርካሽ ትይዘዋለህ፣ የተረፈውን ብር ለሌላው ተጫዋች ታውላለህ። ስለዚህ ለኳርተርባክ ብዙ መክፈል አንዳንዴ ያዋጣል። ጥያቄው አሁንም ስንት ነው የሚለው ነው።

2024ን ውሰዱ። በ2023 ውድድር 4 አሸንፈን 13 ተሸንፈን ሁለተኛውን ተራ በራሳችን ውድቀት አገኘነው። ሳንከፍል። ኬሌብ ዊልያምስ፣ እዚሁ ዲሲ ያደገው ልጅ፣ በአንደኛነት ወደ ቺካጎ ሄደ። ለኛ የቀረው ክርክር ጄይደን ዳንኤልስ ወይስ ድሬክ ሜይ ነው። ታስታውሳላችሁ ያን ጊዜ እንዴት እንደነበርን? እዚሁ ጆርጂያ አቬኑ ካፌ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ጉዳይ ለሳምንት ተኳርፈዋል። የዳንኤልስ ሰዎች፦ በመጨረሻ የኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ዓመቱ 40 ጎል የሆነ ውርወራ፣ 4 ብቻ የተነጠቀ ኳስ፣ በእግሩ ከ1,100 ያርድ በላይ፣ ሃይዝማን፣ ምን ትፈልጋላችሁ? የሜይ ሰዎች፦ ቀጭን ነው፣ ሲሮጥ ራሱን አይጠብቅም፣ ኮሌጅ አምስት ዓመት ቆይቷል፣ ሜይ ደግሞ ገና ልጅ ነው፣ ተክለ ሰውነቱን እዩት። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። እንሽጠው፣ ወደ ታች እንውረድ፣ ምርጫ እንሰብስብ ባይ ነበርኩ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ አልሸጠም፣ ዳንኤልስን ወሰደ።

ከዚያ ኦክቶበር 27 መጣ። ቺካጎ እኛ ሜዳ፣ ኬሌብ ዊልያምስ በዚያ በኩል፣ ዳንኤልስ በዚህ በኩል። 15 ለ 12 እየተመራን የመጨረሻዋ ኳስ። ዳንኤልስ ወደ ኋላ ሮጠ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ሰዓቱ አልቋል፣ አሁንም ይሮጣል፣ ከዚያ ወረወራት። የሰው ክምር ላይ ወረደች፣ በእጅ ተነካች፣ ወደ ኋላ ተንሳፈፈች። ኖዋ ብራውን ከሁሉም ጀርባ ብቻውን ቆሞ ተቀበላት። 52 ያርድ። 18 ለ 15። ያን ማታ ጎረቤቴ፣ ለአሥር ዓመት ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ ሰው፣ በካልሲ ወጥቶ አቀፈኝ። ቡድኑ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ፣ ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ጨዋታ፣ አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ደረሰ። እኔም "ተሳስቼ ነበር" ብዬ በሰው ፊት ተናገርኩ።

በ2025 ውድድር ደግሞ ተገለበጠ። ዳንኤልስ ደጋግሞ ተጎዳ፣ ከሲያትል ጋር ውጤቱ ካለቀ በኋላ በሚባል ሰዓት ክርኑ ወለቀ። ድሬክ ሜይ በበኩሉ ኒው ኢንግላንድን ይዞ ሱፐር ቦውል ገባ። ይኸው እነዚያው ሰዎች "ብለን ነበር!" ይላሉ። አንዱ ደውሎ "አንተ ነበርክ ልክ፣ መሸጥ ነበረብን" አለኝ።

አልተቀበልኩትም። በኦክቶበሩ ማታ እኔን ያሳሳተኝ ኳሷ አይደለችም፣ በ2025ም ልክ ያደረገኝ ክርን የለም። በዚያን ቀን፣ በእጃችን በነበረው እውቀት፣ ዋጋው ልክ ነበር ወይ? ነበር። አንድም የከርሞ ምርጫ ሳይሸጡ፣ ባለችው ተራ፣ የሚያምኑበትን ልጅ ወሰዱ። ከ2012 ጋር ያለው ልዩነት ይሄ ነው። ዳንኤልስ ቢጎዳ እንኳ በዓመቱ የመጀመሪያ ዙር ምርጫችን እጃችን ላይ ነበር፣ ጆሽ ኮነርሊን፣ የሚከላከልለትን ታክል፣ መረጡበት። በ2012 ውድድር ግሪፊን ሲጎዳ ግን የሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቻችን የሰው ነበሩ።

አንድ ሌላ ነገር አለኝ፣ ይሄ ከሒሳብ ውጪ ነው።

ቼስ ያንግን ታስታውሱታላችሁ። የዚሁ የሜሪላንድ ልጅ፣ ዴማታ ሃይስኩል የተማረ፣ ከኦሃዮ ስቴት በ2020 በሁለተኛነት የመረጥነው። ያን ቀን "የኛ ልጅ መጣ" ብለን ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ ግሩም ነበር፣ በመከላከል ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ2021 ጉልበቱ ተበጠሰ። በ2023 በሦስተኛ ዙር ምርጫ ለሳን ፍራንሲስኮ ሰጡት። እስከዚያ ድረስ በሱ ላይ የወረደውን ቃል እዚህ ደግሜ አልናገረውም። የተናገርነው እኛ ነን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

የኔ ልጅ አሁን ሃይስኩል ይጫወታል። ማታ ከልምምድ ሲመጣ ኩሽና ገብቶ በረዶ በፌስታል ያደርጋል፣ ፎጣ ይጠቀልልበትና ግራ ጉልበቱ ላይ ያስረዋል፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ እራቱን ይበላል። ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ባለፈው እንዲሁ ተቀምጦ ሳለ ሬዲዮ ከፍቼ ነበር፣ የደወለው ሰው ስለ አንድ የኮሌጅ ልጅ "ጉልበቱ የተበላሸ ዕቃ ነው፣ እንዳትነኩት" ይላል። ልጄ ምንም አላለም። እኔ ግን ተነስቼ ዘጋሁት። ምክንያቱም ያ ቃል የኔ ቃል ነበር፣ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ።

"ይሄ ጉዳት ያሰጋኛል፣ በዚህ ተራ አልወስደውም" ማለት ይቻላል። ያ ክርክር ነው፣ ተገቢም ነው። "ዕቃ ነው" ማለት ሌላ ነው። ልጁ ከተማውን አልመረጠም፣ ተራውን አልመረጠም፣ ለሱ የተከፈለውንም ዋጋ አልመረጠም። ዋጋው ከበዛ የከፈለው ይጠየቅ።

በቃ፣ ወደ ወረቀቱ ልምጣና ላብቃ። አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ ከ2024 ጀምሮ በካፌው የምንሰበሰብ ሰዎች አንድ ነገር እናደርጋለን። ከድራፍቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ይጽፋል፦ ማንን እንደሚመርጥ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከአሥር፣ እና ለዚያ ልጅ ከፍተኛው ስንት እንደሚከፍል። ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ይታሸጋል፣ የዕቁባችን ጸሐፊ ጋ ይቀመጣል። የሚከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት "ብዬ ነበር" ማለት ክልክል ነው። የ2024ቱ ፖስታ በ2027 ይከፈታል። በዚያ ዓመት ድራፍቱ ራሱ ወደኛ ነው የሚመጣው፣ ዲሲ መሃል ያለው ናሽናል ሞል ላይ። ሄደን እዚያው ሳሩ ላይ እንከፍተዋለን ተባብለናል።

የዘንድሮው ፖስታ ገና አልታሸገም። ወረቀትና እስክሪብቶ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስትወጡ ጻፉ። ከአሥር አሥር የምትጽፉ ካላችሁ እኔን አንዴ አናግሩኝ።